የሊንክ ልውውጥ፦ ለፖከር ድረ ገጽ ደህና አጋር እንዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድር ላይ 839 ሰዎች ተሰለፉ። መግቢያው 10,000 ዶላር ነበር። አሸናፊው ክሪስ መኒሜከር ግን ይህን ያህል ገንዘብ አልከፈለም። የቴነሲው የሒሳብ ሠራተኛ ፖከርስታርስ በሚባል የኢንተርኔት ፖከር ቤት በ86 ዶላር ማጣሪያ ገብቶ ነው ወደ ላስ ቬጋስ ያለፈው፤ የተሸለመውም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጨዋታው በቴሌቪዥን ሲታይ ብዙ ሰው “እኔስ?” ብሎ ተነሣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 8,773 ደረሰ።

በዚያው ሰሞን ስለ ፖከር የሚጽፉ ድረ ገጾች እንደ አሸን ፈሉ። ምክንያቱ ኮሚሽን ነው። በፖከር ተጫዋቾቹ የሚበላሉት እርስ በርሳቸው ስለሆነ ቤቱ የሚያተርፈው ከየጨዋታው ላይ ትንሽ ድርሻ እየቆረጠ ነው። ብዙ ተጫዋች ማለት ብዙ ገቢ ነውና ተጫዋች ላመጣለት ድረ ገጽ ይከፍላል። ክፍያው ገንዘብ ላስገባ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጫዋች አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተጫዋቹ እስከተጫወተ ድረስ ከቤቱ ድርሻ ላይ ይታሰባል። እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ኑሮው የተመሠረተው ጎግል ላይ ከፊት በመገኘቱ ነው። ከፊት ለመገኘት ደግሞ ከሌሎች ድረ ገጾች የሚመጣ ሊንክ ያስፈልገዋል። የሊንክ ልውውጥ የተስፋፋው በዚህ ፍላጎት ነው፦ አንተ ወደ እኔ ሊንክ አስቀምጥ፣ እኔም ወደ አንተ አስቀምጣለሁ።

ጎግል ሊንክን ለምን ይቆጥራል?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበሩት መፈለጊያዎች በዋናነት የሚመለከቱት ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል ነበር። አንዱን ቃል ደጋግሞ የጻፈ ሰው በቀላሉ ያታልላቸዋል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን መፍትሔውን ያገኙት ከምሁራን ልማድ ነው። በሳይንስ ዓለም ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ጽሑፍ ክብደት ይሰጠዋል። ሁለቱ ተማሪዎች ሊንክን እንደዚህ ያለ ጥቅስ አድርገው ቆጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ስሌት ፔጅራንክ ይባላል፤ ጎግል ኩባንያ ሆኖ የተመዘገበውም በዚያው ዓመት ነው።

ሊንክ የሚሰጥ ድረ ገጽ ለሥራ ፈላጊ እንደሚፈርም ዋስ ነው። ቀጣሪው የዋሶቹን ብዛት ብቻ አያይም፤ ዋሱ ራሱ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለት ሥራ ፈላጊዎች አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ቢመጡ ግን የሁለቱም ፊርማ ዋጋ ያጣል። የሊንክ ልውውጥ ችግሩም ጥቅሙም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

በመጀመሪያው የፔጅራንክ ቀመር አንድ ገጽ ያለውን ክብደት ለሚያወጣቸው ሊንኮች እኩል ያከፋፍላል። አምስት ሊንክ ያለው ገጽ ለእያንዳንዱ ከአምስት አንድ እጅ ያደርሳል። 200 ሊንክ የደረደረ ገጽ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚያደርሰው ከ200 አንድ እጅ ብቻ ነው። የሚተላለፈውም ክብደት በ0.85 እየተባዛ ይቀንሳል፤ ሊንክ እየተከተለ የሚያነብ ሰው የሆነ ጊዜ ላይ ሰልችቶት ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል ተብሎ ስለታሰበ። ከዚያ ወዲህ ጎግል ሌሎች ብዙ መመዘኛዎችን ጨምሯል። ነገር ግን በጥቂት ሊንኮች መሀል የተቀመጠ ሊንክ በመቶዎች መሀል ከተቀበረው እንደሚሻል ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

ልውውጡ እንዴት ተበላሸ?

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ጎግል የእያንዳንዱን ገጽ ክብደት ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ ለሕዝብ ሰጠ። ቁጥሩ ወዲያው የገበያ ዋጋ ሆነ። የፖከር ድረ ገጾች “አጋሮቻችን” የሚል ገጽ እየከፈቱ ምንም የማያገናኛቸውን ድረ ገጾች ስም ደረደሩ። ሊንክ የሚለምን ደብዳቤ በጅምላ የሚልክ ሶፍትዌር ተሠራ። ልውውጡ እንዳይታወቅም ሦስተኛ ወገን ገባበት፦ “ሀ” ለ “ለ”፣ “ለ” ለ “ሐ”፣ “ሐ” ደግሞ ለ “ሀ” ሊንክ ይሰጣል። ነገሩ ሁሉ እከክልኝ ልከክልህ ሆነ፤ አንባቢውን የሚያስታውሰው ጠፋ።

ጎግልም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ከያሁና ከኤምኤስኤን ጋር ሆኖ “ኖፎሎው” የሚባለውን ምልክት አስተዋወቀ፤ ያኔ ምልክቱ የተደረገበት ሊንክ ሰውን ያሻግር ነበር፣ ክብደት ግን አያስተላልፍም ነበር። በሚያዝያ 2012 “ፔንግዊን” የተባለው ማሻሻያ በሰው ሠራሽ ሊንክ ከፍ ያሉ ድረ ገጾችን ወደ ታች ጣላቸው። ለዓመታት ሊንክ ሲለምኑ የኖሩ ሰዎች “እባካችሁ ሊንካችንን አንሡልን” ብለው መጻፍ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጎግል የማይፈለጉ ሊንኮችን “አልቀበልም” ማለት የሚቻልበት መሣሪያ አወጣ። ከ0 እስከ 10 ያለው ቁጥርም በ2016 ከሕዝብ ዓይን ተነሣ።

ይህ ማለት ልውውጥ ፈጽሞ ተከልክሏል ማለት አይደለም። የጎግል መመሪያ የሚያወግዘው ከልክ ያለፈውንና ለሊንክ ብቻ ተብሎ የሚደረገውን ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ በደንብ የሚሠሩ ሁለት ድረ ገጾች አንዱ የሌላውን ሥራ ቢጠቅስ ማንም ነውር አይለውም።

አጋር የሚፈለገው የት ነው?

አብዛኛው ሰው ሊንክ የሚለምነው ከተፎካካሪው ነው። የፖከር ቤቶችን እያወዳደረ ኮሚሽን የሚበላ ድረ ገጽ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠራው ከልቡ ሊንክ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። የሚሻለው ጎረቤት ሥራ የሚሠራውን መፈለግ ነው። የጨዋታውን ዘዴ የሚያስተምሩ፣ የውድድር ቀናትን የሚመዘግቡ፣ የካርታ ዕድልን የሚያሰላ መሣሪያ የሠሩ፣ በሒሳብ በኩል ስለ ዕድል ስሌት የሚጽፉ፣ ስለ አንድ ከተማ የፖከር ክለቦች የሚዘግቡ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች አንባቢ እናንተ ያላችሁት ይጠቅመዋል፤ ለእናንተም አንባቢ የእነርሱ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሄንደን ሞብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በብሪታኒያ ቴሌቪዥን የፖከር ፕሮግራም ላይ የታወቁት አራት የለንደን ተጫዋቾች በቡድናቸው ስም ድረ ገጽ ከፈቱ። ድረ ገጹ በዓለም ዙሪያ የተካሄዱ ውድድሮችን ውጤት በተጫዋች ስም እየመዘገበ አስቀመጠ። ስለ አንድ ተጫዋች የሚጽፍ ጋዜጠኛ መዝገቡን ሳያይ አያልፍም፤ ሲጽፍም ይጠቅሰዋል። ማንም የማይተወው መረጃ ያለው ድረ ገጽ ልውውጥ መለመን አያስፈልገውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ ሳይሆን ሊጠቀስ የሚገባው አንድ ነገር ማዘጋጀት ነው።

አጋሩ የሚመዘነው በምንድን ነው?

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ድረ ገጽ ለእኔ ሊንክ ባይሰጠኝም ለአንባቢዬ እጠቁመው ነበር? መልሱ “አይ” ከሆነ ነገሩ እዚያው ይብቃ። “አዎ” ከሆነ ደግሞ ቀጥሎ ያሉት ይታያሉ።

ድረ ገጹን በስሙ ጎግል ላይ ፈልጉት፤ በገዛ ስሙ ካልወጣ የተቀጣ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ጽሑፍ መቼ እንደወጣ እዩ። ወደ ማን ወደ ማን ሊንክ እንደሚያደርግ ቁጠሩ፤ ከማይመለከተው ነገር ጋር የተቀላቀለ ረጅም ዝርዝር ካለው ተዉት። ለእናንተ የሚሰጠው ሊንክ ጽሑፍ መሀል፣ ስለምን እንደሆነ ከሚያስረዳ ዓረፍተ ነገር ጋር እንዲገባ ተነጋገሩ፤ ከገጹ ግርጌ የተወሸቀ ሊንክ የሚጫነው የለም። አንባቢዎቹ ከየት እንደሆኑም ጠይቁ። በአሜሪካ የኢንተርኔት ፖከር የተፈቀደው በጥቂት ግዛቶች ብቻ ስለሆነ ስለ ኒው ጀርሲ ቤቶች የሚጽፍ ድረ ገጽ ከጀርመን አንባቢ ጋር ቢገናኝ ለማንም አይጠቅምም።

ደብዳቤ ስትጽፉ ለሰው ጻፉ። የትኛውን ጽሑፍ እንዳነበባችሁ፣ የእናንተ ገጽ የት ቦታ ላይ እንደሚገባ፣ ለአንባቢው ምን እንደሚጨምርለት በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጥቂት እውነተኛ አጋሮች ከመቶ ስም አይጠሬዎች ይበልጣሉ።

የአንባቢው ገንዘብ

ፖከር ላይ የሚሰጥ ሊንክ ከሌላው የሚለየው ጫፉ ላይ የሰው ገንዘብ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የተባሉትን የኢንተርኔት ፖከር ቤቶች መሥራቾች ከሰሰ፤ ድረ ገጾቹም በመንግሥት ተያዙ። ፖከርስታርስ የአሜሪካ ተጫዋቾቹን ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት መመለስ ጀመረ። ፉል ቲልት ግን የሚከፍለው አልነበረውም፤ ተጫዋቾቹ በአሜሪካ መንግሥት በኩል መካስ የጀመሩት በየካቲት 2014 ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ለአንባቢው የጠቆመ ድረ ገጽም ከኃላፊነቱ አያመልጥም።

ስለዚህ ደህና አጋር ማለት ፈቃድ ያለውን ቤት ብቻ የሚጠቁም፣ ኮሚሽን እንደሚያገኝ በግልጽ የሚናገር፣ ዕድሜው ያልደረሰውን የሚከለክል፣ ቁማር ለያዘው ሰው የእርዳታ አድራሻ የሚያስቀምጥ ነው። እነዚህን የማያደርግ ድረ ገጽ ምንም ያህል ጎብኚ ቢኖረው ስማችሁ ከስሙ ጎን መቀመጥ የለበትም።

ይህ ሁሉ ለፖከር ብቻ የሚሠራ አይደለም። በአማርኛ ስለ ጤና፣ ስለ ሕግ፣ ስለ እርሻ ወይም ስለ ታሪክ ድረ ገጽ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ አንዳችሁ የሌላውን ደህና ሥራ ጥቀሱ፤ በቋንቋችን ጥሩ ገጽ ፈልጎ ማግኘት የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ሊንክ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ገጹን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያላነበባችሁትን ለማንም አትጠቁሙ።