ከካፒቴኑ ክፍል በላይ ያለው ነጭ ጉልላት

ከጅቡቲ ተነሥቶ በወልዲያና በጋሸና በኩል ወደ ወረታ ደረቅ ወደብ የሚሄድ ኮንቴነር ጋይንትን ሳያቋርጥ አይደርስም። ነፋስ መውጫ ላይ ሾፌሩ ምሳ ሲበላ ልጆች ዙሪያውን የሚያዩት ያ የብረት ሣጥን ከዚያ በፊት ባሕር ላይ ሰንብቷል፤ የጫነው መርከብም «መቀሌ» ወይም «ጋምቤላ» ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አብዛኞቹን መርከቦቹን በከተሞቻችን ስም ነው የሚጠራቸው። ማንኛውንም ዘመናዊ የጭነት መርከብ ስታዩ ከካፒቴኑ ማዘዣ ክፍል ጣሪያ በላይ ነጭ ክብ ጉልላት ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ራዳር ይመስለዋል። ራዳሩ አጠገቡ የሚሽከረከረው ዘንግ ነው፤ ጉልላቱ የሳተላይት መገናኛ ነው።

ጉልላቱ ራሱ ከጨውና ከንፋስ የሚከላከል ሽፋን ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ሳህን እስቴ መካነ ኢየሱስ ውስጥ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ ጋር ዘመድ ነው። ልዩነቱ መቆሙ ላይ ነው። የቤቱን ዲሽ ባለሙያው አንድ ጊዜ ወደ ሳተላይቱ አቅንቶ ብሎኑን ያጠብቀዋል፤ ጥቂት ከተዛነፈ ምስሉ ይጠፋል። መርከብ ግን ይንገላታል፣ ይዘማል፣ አቅጣጫ ይለውጣል። ስለዚህ በጉልላቱ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለኩ መሣሪያዎችና ሞተሮች አሉ፤ መርከቡ ወደ ግራ ሲያዘነብል ሳህኑን ወደ ቀኝ እየመለሱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከምድር ወገብ በላይ የተቀመጠውን ሳተላይት አይለቁም። ከዚህ ርቀት የተነሣ በስልክ ጠይቆ መልስ እስኪሰማ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ለዚህ ነው መርከበኛና ቤተሰቡ በአንድ ላይ መናገር የሚጀምሩት።

ዲሹ በሐምሌ ዝናብ ሲቋረጥ ያየ ሰው ቀጣዩን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ቴሌቪዥኑም የመርከቡ ፈጣን ኢንተርኔትም የሚመጡበት፣ ኬዩ ባንድ የሚባለው የሞገድ ክልል ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል። ኬኤ ባንድ ደግሞ ይብሳል። በ1.5 እና በ1.6 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለው ኤል ባንድ ግን ጠባብና ቀርፋፋ ቢሆንም ዝናብ ብዙም አይበግረውም። ስለዚህ የጭንቅ ጥሪ የተሰጠው ለእሱ ነው። ፊልሙ ቢቆራረጥ ማንም አይሞትም።

የጭንቅ ጥሪው ሥርዓት ከጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። ያኔ የሞርስ ቁልፍ ሲያንኳኳ የኖረው የሬዲዮ መኮንን እንጀራውን አጣ፤ ሥራው ወደ ማዘዣ ክፍሉ መኮንኖች ዞረ። በ1971 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢንማርሳት አገልግሎቱን ለረጅም ዓመታት ብቻውን ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ66 ሳተላይቶች የሚሠራው ኢሪዲየም በ2013 ዓ.ም. ተቀላቀለው። መርከቡ ከሰጠመም የውሃው ግፊት ራሱ የሚፈታው ተንሳፋፊ መሣሪያ አለ፤ ወደ ላይ ወጥቶ በ406 ሜጋኸርዝ የመርከቡን መለያ ያስተላልፋል።

መለያው ዘጠኝ አኃዝ ነው። የኢትዮጵያ መርከብ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 624 ናቸው። የሬዲዮ መጠሪያውም በአውሮፕላኖቻችን ላይ እንደተጻፈው በ«ኢቲ» ሊጀምር ይችላል። ወደብ የሌላት አገር በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሠንጠረዥ ላይ ከባለወደቦቹ ጎን የራሷ ድርሻ አላት፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። መርከብ በየትም ባሕር ቢሆን የሬዲዮ ፈቃዱ የሚሰጠው በሰንደቅ ዓላማው አገር ነው። የእስቴ ወይም የስማዳ ልጅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ምሕንድስና ተምሮ በላይቤሪያ ሰንደቅ ዓላማ በሚሄድ መርከብ ቢቀጠር፣ ያለበት መርከብ ቁጥር የሚጀምረው በእኛ 624 ሳይሆን በላይቤሪያ 636 ነው። እዚህ አገር ቤት ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይሁን እንጂ ፈቃድ የያዘ ሁሉ እንደ ልቡ አያስተላልፍም። በሲ ባንድ፣ ማለትም በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ፣ ወደ ሳተላይት የሚልክ መርከብ፣ በየብስ ከተራራ ተራራ ስልክ የሚያሻግሩ የማይክሮዌቭ ማማዎች የሚሠሩበትን ሞገድ ይጋራል። ኃይለኛው ጨረር ወደ ሰማይ ቢሄድም ከጎን የሚያፈተልከው ማማዎቹን ሊያውክ ይችላል። በሰኔ 1995 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ለዚህ ወሰን አበጀ፦ በሲ ባንድ ከጠረፍ 300 ኪሎ ሜትር፣ በኬዩ ባንድ 125 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ቀርቦ ለማስተላለፍ የሚመለከተው አገር ስምምነት ያስፈልጋል። ልኩ የሚጀምረው ከጠረፍ ስለሆነ ሕጉ ለእኛ መርከቦች በአብዛኛው ግዴታ እንጂ ጥቅም አይደለም፤ የሌሎችን ማማ ያከብራሉ፣ የሚከበርላቸው የራሳቸው ጠረፍ የለም። ሕንድ ደግሞ ከ2001 ዓ.ም. የሙምባይ የሽብር ጥቃት ወዲህ የሳተላይት ስልክ ቁጥጥሯን አጥብቃለች፤ ያለ ፈቃድ የኢሪዲየም ወይም የቱራያ ስልክ በውሃዋ ውስጥ መጠቀም ያስከስሳል።

ለመርከበኛው ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ቤት መደወል ይቻላል ወይ? የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ ከታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባለመርከቦች በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ ክፍያ ካለውም ተመጣጣኝ እንዲሆን ይጠይቃል። «በተቻለ መጠን» የምትለዋን አላምናትም፤ ቆጣቢ ባለመርከብ የሚገባባት በር እሷ ናት።