ልጃችሁ ሲጫወት ቆይቶ ቁጢጥ ይላል? ስንፍና ላይሆን ይችላል

ዛሬ ከልጆች ጋር አብሮ ስለሚወለድ አንድ ውስብስብ የልብ ችግርና ስለ ቀዶ ሕክምናው ላካፍላችሁ።

በቅርቡ አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የመጣችው ለሳል ነበር። ጨርሰን ልትወጣ ስትል፣ "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ትንሽ ይሮጥና ቁጢጥ ይላል። ሰነፍ ነው መሰለኝ፣ ተነስ እያልኩ እቆጣዋለሁ" አለችኝ። መልሼ አስቀመጥኳት። የልጁ ከንፈርና ምላስ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የጣቶቹ ጫፍ አብጦ ክብ ሆኗል። የደሙን ኦክስጅን ስንለካው 74 ከመቶ ነው። ከ90 በላይ መሆን ነበረበት። የልብ አልትራሳውንድ ሲነሳ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው ችግር ተገኘበት።

ለመሆኑ ምንድን ነው?

አራት ችግሮች በአንድ ልብ ላይ ሲገኙ ነው፦

1. በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ መኖር
2. ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ መጥበብ
3. ለሰውነት ደም የሚያደርሰው ትልቁ የደም ቧንቧ ከቀዳዳው በላይ መቀመጥ
4. የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻ መወፈር

ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ስለጠበበ፣ ኦክስጅን ያላገኘ ደም በቀዳዳው በኩል ወደ ሰውነት ይሄዳል። ልጁ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ቁጢጥ ሲል ደግሞ የእግሮቹ የደም ቧንቧዎች ስለሚጫኑ ብዙ ደም ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ትንሽ ይሻለዋል። ልጁ ማንም ሳያስተምረው ራሱን እያስታመመ ነበር ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ነው?

ዋናው ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ተክቶ ነው። ሐኪሞቹ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ የጠበበውን መንገድ ያሰፉታል። ሕክምናው እንደልብ በሚገኝባቸው አገሮች አብዛኛው ሕፃን ዓመት ሳይሞላው ይሠራለታል። ሕፃኑ ለዚህ ካልደረሰ ግን መጀመሪያ በቀጭን ቱቦ ተጨማሪ ደም ወደ ሳንባ እንዲሄድ ይደረጋል። የዚህ ዘዴ መነሻ በ1944 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተሠራው ቀዶ ሕክምና ነው። ይህ ማቆያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ዋናው ከተሠራ በኋላም የልቡ በር ሊያፈስ ስለሚችል ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው።

ለምን ቶሎ?

በአገራችን የልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ወረፋው የሚቆጠረው ደግሞ ልጁ ከታመመበት ቀን ሳይሆን ከተመዘገበበት ቀን ነው። አንዳንድ የልብ ችግር ጭራሽ አይጠብቅም። ለምሳሌ ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ያለበት ልጅ መጀመሪያ ላይ አይጠቁርም። ሲጠባ ያልበዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ኪሎ አይጨምርም። ለዓመታት ከቆየ የሳንባው የደም ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ ያኔ ቀዳዳውን መድፈን ራሱ አደጋ ይሆናል። "አሁን አይቻልም" ብሎ ለወላጅ እንደመንገር የሚከብደኝ ነገር የለም።

እስከዚያው ቤት ውስጥ

👉 ልጁ ድንገት በጣም ከጠቆረና ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ጉልበቶቹን አጥፋችሁ ወደ ደረቱ አስጠጉለት፣ አረጋጉት፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።
👉 ትውከትና ተቅማጥ ሲይዘው ፈሳሽ ስጡት፣ ቶሎም አሳዩት፤ ደሙ ከወፈረ አንጎል ውስጥ ሊረጋ ይችላል።
👉 ጥርሱን በንጽህና ያዙ። ከጥርስ የሚነሳ ባክቴሪያ ልብን ሊያጠቃ ይችላል።
👉 ቁጢጥ ሲል አታስነሱት።

ያቺ እናት ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው አልነበረም። "ታዲያ እኔ ስቆጣው የነበረው ታሞ ነው?" አለችና አለቀሰች። "እህቴ፣ ያወቅሽው ዛሬ ነው፣ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ" አልኳት። ልጁ አሁን ተመዝግቦ ወረፋ እየጠበቀ ነው። በቀጠሮው ስትመጣ፣ "ቁጢጥ ሲል እኔም አብሬው ቁጢጥ እላለሁ" አለችኝ።

በሰፈራችሁ "ሰነፍ" የሚባል፣ እየሮጠ ቁጢጥ የሚል ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ ለወላጆቹ አድርሱልኝ።