መድኃኒቱ ነጻ ነው፤ መንገዱስ?



የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ የድሃው ሕፃን ችግር የተፈታ የመሰለን ብዙዎች ነበርን። ነገር ግን መድኃኒቱ በየቀኑ በሰዓቱ ካልተወሰደ ቫይረሱ ከመድኃኒቱ ጋር ይላመዳል። ከዘጌ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የምትሻገር አያት የመሳፈሪያ ካጣች የልጁ ቀጠሮ ያልፋል፤ በባዶ ሆድ የተዋጠውም መድኃኒት ልጁን ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ስለዚህ በማኅበረሰብ የበጎ አድራጎት ሥራ ዋናው አገልግሎት ቤት ለቤት የሚዞረው ሠራተኛ ነው እላለሁ።

ሕጉ ይህን ለመገንዘብ ጊዜ ወስዶበታል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኖ ሳለ፣ በመመሪያው የትራንስፖርትና የሥልጠና ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር ይመደብ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም፣ የአስተዳደር ወጪን ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ባልተያያዘው ላይ ወስኖታል። ቁጥሩ ጠበበ፤ ትርጉሙ ግን ለሥራው ተስማማ።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ የአንድን ድርጅት ሒሳብ ስትመረምሩ «ለአስተዳደር ስንት ወጣ?» ከማለታችሁ በፊት፣ እስከ ሕፃኑ ደጃፍ ማን እንደሄደ ጠይቁ።