ተጨማሪ መረጃ፦ ያልተመታው ልጅም ይጎዳል

በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለችው ደጀንና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ወላጆችና ልጆች በአንድ ክፍል የሚያድሩበት ቤት ብዙ ነው። ማታ አባት እናትን ሲመታ፣ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተኛ የሚመስለው ልጅ ሁሉንም ይሰማል። «ልጁን እኮ አልነካውም» የሚለው ማስተባበያ ከእውነት የራቀ ነው።

በየጊዜው የሚደነግጥ ልጅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ አንጎሉም ሁልጊዜ አደጋ መጠበቅን ይለምዳል። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሐሳቡ እናቱ ዘንድ ነው፤ መምህሩ ግን «ሰነፍ» ሊለው ይችላል። ሲያድግ ለድብርት፣ ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ እጦትና ለመጠጥ ሱስ ይበልጥ ይጋለጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት የእናትን መደብደብ ከልጅነት መከራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። እንዲህ ካሉት መከራዎች 4 እና ከዚያ በላይ በደረሱባቸው ሰዎች ላይ የድብርት፣ የአልኮል ሱስና ራስን የማጥፋት ሙከራ ስጋት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከእነዚህ እናቶች ጎን ስንት ልጆች እንደሚያድሩ ማሰብ ያማል። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 ያስቀጣል።

እናቱ ስትመታ ያየ ልጅ ሁሉ ግን አይታመምም። አያት፣ አክስት ወይም መምህር፣ ሳይሰለች የሚያዳምጠው አንድ ትልቅ ሰው ካገኘ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።