ረጅም ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ለዱር እንስሳት ፎቶግራፍ

ረጅም ቴሌፎቶ ዙም ሌንስ የትኩረት ርቀቱ እስከ 400 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚደርስ፣ በተወሰነ ክልል ውስጥም የሚቀያየር የካሜራ ሌንስ ነው። ራቅ ያለን ነገር አቅርቦ ስለሚያሳይ በተለይ ለዱር እንስሳትና ለአእዋፍ ፎቶግራፍ ያገለግላል። በሌንሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 100-400 ወይም 200-600፣ አጭሩንና ረጅሙን የትኩረት ርቀት ያመለክታል። ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ግን የቦታው ብርሃን፣ ወደዚያ የሚደረሰው በእግር ወይስ በመኪና መሆኑና የሌንሱ ክብደት ከዚህ ቁጥር እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ ምርጫውን ይወስናሉ።

የትኩረት ርቀትና የእንስሳው መጠን

እንስሳው በፎቶው ላይ የሚይዘው ቦታ በቀላል ስሌት ይታወቃል፦ የእንስሳው ርዝመት በሌንሱ የትኩረት ርቀት ይባዛል፣ ከዚያም በመካከሉ ላለው ርቀት ይካፈላል። ሰውነቱ 1 ሜትር ያህል የሆነ ቀይ ቀበሮ 50 ሜትር ርቆ ቢቆም በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ በካሜራው ሴንሰር ላይ 8 ሚሊ ሜትር፣ በ600 ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ቀበሮው በመጀመሪያው የፎቶውን ወርድ አንድ አምስተኛ ያህል፣ በሁለተኛው አንድ ሦስተኛውን ይይዛል።

ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ የተባለው አነስተኛ ሴንሰር ወርዱ 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ካሜራ ላይ ያው የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀበሮውን የፎቶውን ሲሶ ያህል አድርጎ ያሳየዋል፤ ይህም 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ላይ ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ተማሪዎችና ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ በእጃቸው ያለው ርካሽ ካሜራ ለዱር እንስሳት ሲሆን ጉድለቱ ጥቅም ይሆናል።

ስሌቱ ሌላም ነገር ያሳያል። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ የትኩረት ርቀቱን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ሰውን ስለለመደ ሣሩን እየነጨ ጥቂት ሜትር ድረስ ያስጠጋል፤ ለእርሱ 200 ሚሊ ሜትርም ይበቃል። ዋልያ ግን በገደሉ ጥግ ይውላል። 150 ሜትር ርቆ የቆመና ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ወንድ ዋልያ በ400 ሚሊ ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ገደሉንና እንስሳውን አብሮ የሚያሳይ ፎቶ ማንሳት የተሻለ ነው፤ ብዙዎቹ ጥሩ የዋልያ ፎቶዎችም የዚህ ዓይነት ናቸው።

ብርሃን

የሌንሱ ሁለተኛ መለኪያ አፐርቸር የሚባለው የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፦ ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 5.6፣ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ሲኬድ የሚገባው ብርሃን በየጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ርካሽና ቀላል ሌንሶች በረጅሙ ጫፋቸው ኤፍ 6.3፣ 8 ወይም 9 ላይ ይደርሳሉ። በኤፍ 9 የሚገባው ብርሃን በኤፍ 5.6 ከሚገባው 2.6 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው።

ይህ ልዩነት ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ጫካ ውስጥ ግን ሥራውን ሊያቆመው ይችላል። ብርሃን ሲያንስ ወይ የመዝጊያው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ወይ የሴንሰሩ ስሜት ከፍ ብሎ ፎቶው ይሻክራል። በሌንሱ ውስጥ የተገጠመው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አያቆምም። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ጉሬዛ ከሰከንድ አንድ ሺኛ የሚጠጋ ፍጥነት ይፈልጋል፤ መከላከያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለዚህ አይረዳም።

ከአየር ጤና የሚወጡት መንገዶች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አየር ጤና ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሚሄድ ሰው የከተማዋ መውጫ ነው። መንገዱ ዓለም ገና ላይ ይከፈላል፤ አንዱ በቡታጅራ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ ሌላው በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ ይሄዳል። በእነዚህ መንገዶች የሚገኙት ቦታዎች እርስ በርሳቸው ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ አንድ ሌንስ ለሁሉም ይበቃ እንደሆነ ለመመዘን ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ቅርቡ የወጨጫ ተራራን የተንተራሰው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በትውፊት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። በትላልቅ ጽዶችና ዝግባዎች ሥር ጉሬዛ፣ የምኒልክ ድኩላና ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ ይኖራሉ። እንስሳቱ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ከ15 እስከ 40 ሜትር ባለ ርቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ዛፉ ይጋርዳል። እዚህ 800 ሚሊ ሜትር ትርፍ ነው። 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር፣ ግን ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ይሻላል።

አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በጫሞ ሐይቅ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ ጀልባዋ ወደ አዞዎቹ በጣም ስለምትቀርብ ከ200 ሚሊ ሜትር የሚጀምር ሌንስ የያዘ ሰው የአዞውን ግማሽ ብቻ ሊያነሳ ይችላል። እዚህ የሚያስፈልገው አጭሩ ጫፍ ነው፤ ከ100 የሚጀምር ሌንስ የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው። ከሐይቁ ማዶ ባለው በነጭ ሣር ሜዳ የሜዳ አህዮች በርቀት ይታያሉ። ሆኖም ረፋዱ ካለፈ በኋላ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው ምስሉ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ይህን ውድ ሌንስም አያስተካክለውም፤ መድኃኒቱ ጎሕ ሲቀድ መነሣትና መቅረብ ነው።

ክብደት

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሶኒ 200-600 ክብደቱ 2.1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጡት የኒኮን 180-600 እና የካኖን 200-800 ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋሉ። አብዛኞቹ የሲግማና የታምሮን 150-600 ሌንሶችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የካኖን 100-400 ሁለተኛ ትውልድ 1.6 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ ኤፍ 8 ላይ የሚደርሰው አዲሱ ትንሹ የካኖን 100-400 635 ግራም ብቻ ነው።

የግማሽ ኪሎ ልዩነት ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። በሰሜን ተራሮች ከ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጨነቅ አካባቢ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ይታወቃል። ጓዝ በበቅሎ ይጫናል፤ ካሜራው ግን ዋልያው ድንገት ብቅ ሲል በእጅ ካልተያዘ ዋጋ የለውም። በባሌ የሳነቴ አምባ በአንጻሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም መኪና መንገድ ያቋርጠዋል። ቀበሮውን ከመኪናው መስኮት፣ ሌንሱን በጥራጥሬ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ ማንሳት ይቻላል። ባለ 2 ኪሎው ሌንስ ለሳነቴ ምቹ ነው፤ ለጨነቅ ሸክም ነው።

ርቀትና የእንስሳው ደኅንነት

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በባሌ ይገኛሉ። ቀበሮው ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ብቻውን፣ አድብቶ ነው። ሰው ሲጠጋው አደኑን ትቶ ይሄዳል፣ ጉድጓድ አካባቢ ቡችሎች ካሉም እናትየው ቦታ ልትለውጥ ትችላለች። አጭር ሌንስ የያዘ ሰው የመጠጋት ፈተናው ይበረታል። ለዚህ እንስሳ 600 ሚሊ ሜትር የሚመከረው ከምስሉ ጥራት ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ግዢና ፍተሻ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሌንስ በብር ሲሰላ ዋጋው በእጅጉ ንሯል። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ መግዛት ተመራጭ እየሆነ ነው። አንድ ሌንስ ብቻ ለሚችል ሰው 100-400 የተሻለው መጀመሪያ ነው፤ ለጫካ፣ ለጀልባና ለእግር ጉዞ ይሆናል። ለሳነቴ የሚጎድለውን 1.4 እጥፍ የሚያጎላ ማራዘሚያ በከፊል ይሞላዋል። 400ው ወደ 560 ይደርሳል፣ ብርሃኑ ግን በግማሽ ይቀንሳል፤ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 8 ማለት ነው። ኤፍ 8 ላይ ለሚደርሰው ቀላል ሌንስ ማራዘሚያ መጨመር ግን አይመከርም።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛ በመጀመሪያ በባትሪ መብራት ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ቀጥሎ የራስ-ሰር ትኩረቱ ይፈተሻል፤ ለዚህ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። በአየር ጤናና በሌሎች ሠፈሮች ከሉካንዳ ቤቶች በላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ለፈተናው ይበቃሉ፣ ድንገት ስለሚጠመዘዙም ቀላል ፈተና አይደሉም። ጭልፊቱን ተከትሎ 20 ፎቶ ማንሳትና በኮምፒውተር አጉልቶ ስንቱ ጥርት እንዳለ መቁጠር ከሻጩ ቃል የበለጠ ይናገራል። ከዚያም ጽሑፍ ያለበትን ግድግዳ በረጅሙ ጫፍ አንስቶ አራቱን ማዕዘኖች ማወዳደር ነው፤ አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ የሌንሱ ውስጥ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል።

ሲጎላ ርዝመቱ የሚጨምር ሌንስ በአቧራማ መንገድ አየር አብሮ ይስባል። የሶኒ 200-600 እና የኒኮን 180-600 ርዝመታቸው ስለማይለወጥ በዚህ ይሻላሉ። በክረምት ደግሞ ሌንስን በቆዳ ቦርሳ ዘግቶ ለወራት ማስቀመጥ ሻጋታ ይጋብዛል። እርጥበት መጣጭ ከረጢት በተጨመረበት፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ማኖርና አልፎ አልፎ አውጥቶ መጠቀም ይበቃል።