የአገር መለያ ያለበትን የኢንተርኔት ስም ለማስመዝገብ የሚፈቀድለት ማን ነው?

ዕቃውን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ፥ በዚያ ያሉ ደንበኞቹ በቀላሉ እንዲያገኙት በማሰብ በዚያው አገር መለያ የሚያልቅ የድረ ገጽ ስም ለማስመዝገብ መፈለጉ የተለመደ ነው። ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን ባየ ጊዜም ገንዘብ ከፍሎ የሚወስደው ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ አመልካቹ በዚያ አገር ደንብ መሠረት ስሙን ለመያዝ የሚፈቀድለት ሰው መሆን አለበት።

የአገር መለያ የሚባለው በስሙ መጨረሻ የሚጻፉት ሁለት ፊደሎች ናቸው። የኢትዮጵያ መለያ ነጥብ ኢቲ ሲሆን አስተዳዳሪው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። መለያው ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በየአገሩ ስለሆነ፥ ደንቡ አንድ ዓይነት አይደለም። ቱቫሉ የምትባለው ትንሽ የደሴት አገር፥ ነጥብ ቲቪ የተባለው መለያዋ ከቴሌቪዥን ስም ጋር ስለገጠመላት፥ ከየትም አገር ለመጣ ገዢ እንዲሸጥ ፈቅዳ ገቢ ታገኝበታለች።

የካናዳ ደንብ ጠበቅ ያለ ነው። ነጥብ ሲኤ የሚፈቀደው ለዜጎች፥ በቋሚነት ለመኖር ፈቃድ ላላቸው ሰዎች፥ በካናዳ ሕግ ለተቋቋሙ ኩባንያዎችና ደንቡ ለዘረዘራቸው ሌሎች ወገኖች ነው። ለውጭ ኩባንያ የተከፈተው ዋናው በር የንግድ ምልክት ነው፤ ይኸውም በካናዳ የተመዘገበ ምልክት ካለው፥ የምልክቱን ቃል ሳይለውጥ የያዘ ስም ሊወስድ ይችላል። እዚህ ላይ የቡና ላኪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ይርጋ ጨፌን የመሳሰሉት የቡና ስሞች በልዩ ልዩ አገሮች በንግድ ምልክትነት የተመዘገቡት በኢትዮጵያ መንግሥት ስም ስለሆነ፥ ላኪው በስሙ ለመጠቀም ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ የምልክቱ ባለቤት ነኝ ብሎ በዚህ በር ሊገባ አይችልም።

የአሜሪካው ነጥብ ዩኤስ ለውጭ ነጋዴ ሰፋ ያለ ነው። ከዜጎች፥ ከቋሚ ነዋሪዎችና በአገሩ ከተቋቋሙ ድርጅቶች በቀር፥ በአሜሪካ ቢሮ ያለው ወይም ዕቃና አገልግሎት በሕጋዊ መንገድ ዘወትር የሚሸጥ የውጭ ድርጅትም ይፈቀድለታል። አንድ ጊዜ ናሙና መላክ ግን ዘወትር መሸጥ አይባልም።

አንድ ጊዜ የተገኘ ስም ለዘለዓለም የሚቆይ የሚመስለው ሰው በእንግሊዝ አገር የደረሰውን ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት መለያ የሆነው ነጥብ ኢዩ የሚፈቀደው ለኅብረቱ ዜጎችና ነዋሪዎች፥ በኅብረቱ ውስጥ ለተቋቋሙ ድርጅቶች፥ እንዲሁም ለኖርዌይ፥ ለአይስላንድና ለሊክተንስታይን ሰዎች ነው። እንግሊዝ ከኅብረቱ ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ ሲያልቅ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ላይ 80,000 ያህል ስሞች ታገዱ። የታገዱትም ክፍያ ስለ ተጓደለ ሳይሆን፥ የባለቤቶቹ አገር ከኅብረቱ ውጭ ስለ ሆነ ነው። ስም ሲታገድ ድረ ገጹ ይዘጋል፤ በዚያ ስም የሚላክ ኢሜይልም አይደርስም። መብታቸውን በማስረጃ ያሳዩት ስማቸውን አስመለሱ፤ የቀሩት ስሞች ግን በ2022 መጀመሪያ ተሰርዘው ለሌላ አመልካች ክፍት ሆኑ። ስሙን በከረጢትና በደረሰኝ ላይ ላሳተመ ነጋዴ ኪሳራው ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ከ2019 ኦክቶበር ጀምሮ የኅብረቱ ዜጋ የትም ቢኖር ነጥብ ኢዩን ማስመዝገብ ስለሚችል፥ አዲስ አበባ የሚኖር የስዊድን ወይም የጀርመን ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ይፈቀድለታል። በአዲስ አበባ ብቻ የተቋቋመው ኩባንያው ግን አይፈቀድለትም። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ነጋዴ ዜግነት ያለውን ዘመዱን ወይም ወኪሉን እንዲያስመዘግብለት ይለምናል። ስሙ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን የስሙ ያዥ ተብሎ የሚታወቀው በመዝገብ የሰፈረው ሰው እንጂ ገንዘቡን የከፈለው ነጋዴ አይደለም። ስለዚህ የየዓመቱን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፥ ስምምነቱ ሲፈርስ ወይም ያዡ ሲሞት ስሙ ለማን እንደሚዛወር አስቀድሞ በጽሑፍ መዋዋል ያስፈልጋል። በውሉ የሚጠቀሰው ተቀባይም ራሱ ደንቡ የሚፈቅድለት መሆን አለበት፤ ስሙ ለአዲስ አበባው ኩባንያ ሊዛወር አይችልምና።