ለጆሮ የሚጥም ሁሉ ትክክል አይደለም

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ስታወራ ቢሰሟት አዲስ አበባ ያደገች አይመስልዎትም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምታየው ፊልምም፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትጻጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት ኤስኤቲ ለመፈተን ስትመዘገብ ቤተሰቡ ሁሉ የፈራላት ሒሳቡን ነበር። የመጀመሪያውን የልምምድ ፈተና ሠርታ ውጤቷን ስናይ ግን ብዙውን የሳተችው ሰዋስው ላይ ነው። “እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ አልችልም ነበር ማለት ነው?” ብላ አለቀሰች።

ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነበር። “ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢና ለጆሮሽ የሚጥመውን ምረጪ” ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሁሌም የምመዝነው በጆሮዬ ነው። በፈተና ላይ ግን የተሳሳተው ምርጫ ብዙ ጊዜ ለጆሮ የሚጥመው ነው። ልጅዎ ለዚህ ፈተና እየተዘጋጀ ከሆነ እርስዎ ከእኔ ስህተት ይማሩ።

ፈተናውን ይወቁት

ኤስኤቲ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተፈታኞች ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 54 ጥያቄዎች አሉት፤ የተመደበለት ጊዜ 64 ደቂቃ ነው። ክፍሉ 27 ጥያቄ ባላቸው ሁለት ዙሮች የተከፈለ ሲሆን፣ የሁለተኛው ዙር ክብደት የሚወሰነው ተፈታኙ በመጀመሪያው ዙር ባሳየው ውጤት ነው። ከጥያቄዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሰዋስውንና የአጻጻፍ ስልትን ይመለከታሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ የሚፈተኑት ሕጎች ጥቂትና የሚደጋገሙ መሆናቸው ነው።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን ማየት

አራቱ ምርጫዎች ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ ይናገራሉ። የሚለያዩት በሥርዓተ ነጥብ ብቻ ከሆነ ጥያቄው ስለ ዓረፍተ ነገር ድንበር ነው። የሚለያዩት በግሱ መልክ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ስለ ባለቤቱ ወይም ስለ ጊዜው ነው። ልጅዎ ምን እንደተጠየቀ ካወቀ የትኛውን ሕግ ማስታወስ እንዳለበትም ያውቃል።

ባለቤቱን መፈለግ

በአማርኛ “ሦስት ሰው መጣ” ብንል ማንም አያርመንም። እንግሊዝኛ ግን በነጠላና በብዙ ቁጥር ጉዳይ ምሕረት የለውም። “ዘ ኳሊቲ ኦፍ ዘ ኮፊ ቢንስ” ከሚለው ቀጥሎ “ኢዝ” ነው የሚገባው ወይስ “አር”? ጆሮ በቅርብ የሰማው “ቢንስ”ን ስለሆነ “አር” ይላል። ባለቤቱ ግን “ኳሊቲ” ነው፤ ስለዚህ መልሱ “ኢዝ” ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ከ“ኦፍ” ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በጣት ሸፍኖ ማንበብ።

ሁለት ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይጋጠምም

በሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ፉል ስቶፕ፣ ሴሚኮለን፣ ወይም ኮማ ከእነ “ኤንድ” እና “በት” ጋር ይገባል። ኮማ ብቻውን ግን አይችልም። “ሃውኤቨር”ም ኮማን አስከትሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማጋጠም አይችልም፤ ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ጠቃሚ ፍንጭ ልንገርዎ፦ ፉል ስቶፕና ሴሚኮለን እዚህ ቦታ ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለት ምርጫዎች የሚለያዩት በዚህ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ይሰረዙ፤ አንድ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ አይኖረውምና።

አማርኛችን የሚያሳስተን ቦታ

“ወደ ቤት ስትሄድ ዝናብ መታት” ስንል የምትሄደው እሷ መሆኗን “ስትሄድ” የሚለው ግስ ራሱ ይነግረናል። “ዎኪንግ ሆም” የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ግን ማን እንደሚሄድ አይናገርም። ስለዚህ ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣው ስም የሄደው ሰው መሆን አለበት። “ዎኪንግ ሆም” ብሎ ጀምሮ ወዲያው “ዘ ሬይን” ካለ፣ በእግሩ ወደ ቤት የሄደው ዝናቡ ሆነ ማለት ነው! የእህቴን ልጅ ይህን ሳሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስህተቷ የስንፍና ሳይሆን የሁለት ቋንቋ ልጅ የመሆን ውጤት መሆኑን አየች።

አማርኛችን የሚያግዘን ቦታ

ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዝ ቃል ሲጠየቅ ምርጫዎቹን መጀመሪያ መሸፈን ይሻላል። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንብቦ “እዚህ መሐል በአማርኛ ምን እል ነበር?” ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። “ነገር ግን”? “ስለዚህ”? “ለምሳሌ”? ከዚያ በኋላ አቻውን መፈለግ። ጥቂት ማስታወሻዎች ተዘርዝረው አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ምርጫዎቹ ሁሉ ከማስታወሻው ጋር የሚስማሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ለይቶ የሚያወጣው በጥያቄው ላይ የተጻፈው ዓላማ ነው። ተመሳሳይነትን አሳይ ከተባለ ልዩነትን የሚያሳየው፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አይሆንም።

ባዶ የሚተው ጥያቄ የለም

በቀድሞው ኤስኤቲ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንስ ነበር፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ቀርቷል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን በግምትም ቢሆን መሙላት ያዋጣል።

ለአስጠኚ ከመክፈልዎ በፊት ብሉቡክ የተባለው የፈተናው መተግበሪያና ካን አካዳሚ ነጻ ልምምድ እንደሚሰጡ ይወቁ። ከሁሉም በላይ ግን ለልጅዎ የስህተት ደብተር ይግዙለት። የሳተውን ጥያቄ፣ የተፈተነበትን ሕግና ያሳሳተውን ነገር በራሱ ቃል ይጻፍበት። ማታ ማታ እርስዎ ደብተሩን ይዘው እሱ ያስረዳዎት፤ እንግሊዝኛዎ ደካማ ቢሆን እንኳ ማዳመጥ ይበቃል።

እኛ ቤት ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ውጤቱን ገና አናውቅም። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ጥያቄ ላይ “ይሄኛው ትክክል ይመስለኛል” አልኳት። የእህቴ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና “አጎቴ፣ ባለቤቱ የቱ ነው?” አለችኝ።